አላዞኔያና የእትዬ ዘይነባ ቡፌ

ባለፈው ወር ለሥራ ጉዳይ አቃቂ በሰቃ ሄጄ፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ሁለት ጎረምሶች አዲስ ቡፌ አስፋልት ዳር አቁመው በጨርቅ ይቀቡታል። ሽታው ጉሮሮ የሚይዝ ነው፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ቆሜ ሳብኩት።

«እህት፣ እንጫንልሽ?» አለኝ አንደኛው።

«አይ፣ እያየሁ ነው» አልኩት። እያየሁ ሁለት ታክሲ አመለጠኝ።

ያደግሁት ከዚያ ብዙም በማይርቅ ግቢ ነው። ስድስት የቀበሌ ቤቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በራቸው አንድ፣ ቆርቆሯቸው አንድ፣ ግድግዳቸው እኩል የተላላጠ። አዲስ እንግዳ ሁልጊዜ ቤት ይሳሳታል። የማወራው አሥራ አንድ ዓመት ስለሞላኝ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ የእኔ ሥራ ደግሞ ማንበብ ነው።

የማነበው ለጋሽ መኮንን ነበር። ጋሽ መኮንን በግቢው መጨረሻ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከዱቄት ፋብሪካ ሚዛን ቤት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ መጽሐፍ ቅዱስን በፖስታ በሚላክ ትምህርት ተምረዋል፤ ከዚያ የተረፋቸው አንድ ወፍራም ደብተር ነው። ደብተሩ ውስጥ የግሪክ ቃላት በአማርኛ ፊደል ተጽፈው ከነፍቺያቸው አሉ። ያን ዓመት ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን ማንበብ አቃታቸው። እናቴ ታዲያ ምሳ እንደበላሁ «ሂጂ አንብቢላቸው፤ መንገድ ለመንገድ ከመንዘላዘል ምርቃት ይሻልሻል» ብላ ትልከኛለች።

ሰፈሩ ለጋሽ መኮንን ልዩ ክብር ነበረው። ግሪክ የሚያውቅ ሰው አቃቂ ውስጥ ስንት አለ? እናቴ ለእንግዳ ስታስተዋውቃቸው «ግሪክኛ እንደ ውሃ ነው የሚናገሩት» ትላለች። ከማን ጋር እንደሚናገሩ የጠየቃት ሰው ግን አልሰማሁም።

አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እየጮህኩ ሳነብ ይህ መጣ፦ «አላዞኔያ። በዮሐንስ መልእክት ‹መመካት› የተባለው። የትዕቢት ዓይነት።»

«እዚያ ላይ ቁሚ» አሉ ጋሽ መኮንን። «አላዞን ማለት መጀመሪያ ሰው ነው። ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው። ሆድ ቁርጠት? መድኃኒት አለኝ ይላል። ለምጥ? አለኝ። የዓይን ሞራ? እሱም አለኝ። ከረጢቱን ስትፈቺው ግን ባዶ ነው። የሌለውን አለኝ የሚል ትዕቢት አላዞኔያ ይባላል።»

«አሁንም አለ?»

«ሞልቷል። የትም አለ።»

እኔ የገባኝ እንደ ታይፎይድ ነገር ነው። ሰው ሳያውቀው የሚይዘው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚጋባ፣ ቶሎ ካልተነገረ የሚገድል። «የትም አለ» ስለተባለ ደግሞ ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት የቃሊቲ ታክሲ ረዳት ላይ ነው፤ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፣ ውስጥ ስትገባ ሹፌሩና አንዲት ዶሮ የያዙ ሴትዮ ብቻ ተቀምጠዋል። ቀጥሎ «ዓለም አቀፍ የውበት ሳሎን» የሚል ታፔላ የሰቀለች፣ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ያላት ፀጉር ሠሪ። ከዚያ አባቷ ሁለት ሲኖትራክ እንዳለው የምታወራ የክፍል ጓደኛዬ፤ አባቷን ጎማ ሲለጥፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስማቸውን በቃሌ ይዤ ለጋሽ መኮንን እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ግን «በቃሽ፣ አንብቢ» ይሉኝ ጀመር። ቤታችን ውስጥ መፈለግ ግን አልታሰበኝም ነበር፣ በሽታው ራሱ በበር እስኪገባ ድረስ።

የገባው በታላቅ እህቴ በሰናይት ምክንያት ነው። ሰናይት ቃሊቲ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። እዚያ ኤፍሬም ከሚባል የቱሉ ዲምቱ ልጅ ጋር ተዋወቀች፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከእናቱ ጋር ኮንዶሚኒየም የሚኖር። እሱ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስትነግረን ፊቷ ሌላ ሆነ። እህቴ ሁልጊዜ የምትቸኩል ሰው ናት፤ ያን ሰሞን ግን ሻይ እንኳ ስትጠጣ ቀስ ትል ነበር። ይህን ሰው ምን ያህል እንደምትፈልገው እኔ ሕፃኗ ሳይቀር አውቃለሁ።

ሽማግሎቹ እሑድ ጠዋት ሊመጡ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ጎረቤት ተሻገረች። የእትዬ ዘይነባ ቤት ከእኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤታቸው በግቢው ውስጥ ዕቃ ያለው ብቸኛው ቤት ነው። ሶፋ አላቸው፣ ዳንቴል አላቸው፣ በዚያው ወር በአዲስ ቫርኒሽ የታደሰ ባለ መስታወት ቡፌ አላቸው።

«ወላሂ፣ ቤቱን እንዳለ ውሰጂው» አለች እትዬ ዘይነባ። «ሰውዬውን ብቻ ተይልኝ።»

አራት ሰው መጀመሪያ ሶፋውን፣ ቀጥሎ ቡፌውን ተሸክሞ በጭቃው ተሻገረ። እኔ መስታወቶቹን በአንሶላ ጠቅልዬ አንድ በአንድ አመላለስኩ። ቡፌው በራችን ላይ ሲደርስ አልገባም አለ። አዘነበሉት፣ እንቢ አለ፤ አቆሙት፣ እንቢ አለ፤ በመጨረሻ አባቴ በሩን ከነማጠፊያው ነቀለው። መልሶ ሲገጥመው ተጣመመ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በራችን በድንጋይ ካልተደገፈ አይዘጋም። አባቴ ሌሊት መጋዘን የሚጠብቅ፣ ቀን መጋረጃ ጀርባ የሚተኛ፣ ከሁለት ቃል በላይ ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። ያን ቀን ላቡን እየጠረገ ቡፌውን አየና «ትልቅ ነው» አለ።

እናቴ ብርጭቆ ስትደረድር ጠጋ አልኳት።

«እማዬ፣ የእኛ ነው ልንላቸው ነው?»

«ማንም አይጠይቅም።»

«ከጠየቁስ?»

«አንቺን አይጠይቁሽም።»

ያንኑ ብርጭቆ ደግማ ደጋግማ ወለወለችው። እኔ ያኔ በሽታው ጀመራት ብዬ ነው የፈራሁት።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ጫማቸውን በር ላይ ከጭቃ አራገፉና ገቡ። እናቴ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ብላ ወደ ሶፋው አመለከተች። ወግ ግን ወግ ነው፤ ለልመና የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሌሊቱን ዳንቴሉ ሲስተካከል ያደረበት ሶፋ ባዶውን ቀረ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎችም ቆመው፣ ፊታቸውን ቀጥታ ወደ ቡፌው አዞሩ። እዚያ በዓይናቸው ትክክል፣ ከመካከለኛው መስታወት በስተጀርባ፣ ከላይ እስከ ታች የተለጠፈ የካዕባ ሥዕል አለ። በወርቃማ የዓረብኛ ጽሑፍ የተከበበ። ያን ሁሉ ስናጥብና ስንወለውል፣ ለዓመታት በእትዬ ዘይነባ ቤት ስናየው የኖርነው ነገር ስለሆነ አንዳችንም ልብ አላልነውም።

ባለ ከዘራው ሽማግሌ ንግግሩን ጀምሮ ተወው። ሁለተኛው ጆሮው ላይ አንሾካሾከ።

«ይቅርታ» አለ ባለ ከዘራው፣ «ቤቶቹ ይመሳሰላሉ… ቤት ተሳስተን ይሆን እንዴ? እኛ የክርስቲያን ቤት ነው የተባልነው።»

«ኧረ ቤቱ ይኸው ነው!» አለች እናቴ፣ ድምጿ ወጣ አለ። «ሥዕሉ… ቡፌውን መርካቶ ስንገዛው አብሮ የመጣ ነው። የፋብሪካው ነው።»

«ካዕባው?»

«አዎ። አብሮ ነው የሚሸጠው።»

ከረጢቱ ሲፈታ ባዶ መሆኑን አየሁ። እናቴ በፊቴ ልትሞት ነው፣ መድኃኒቱ ያለው ደግሞ እኔ ጋ ነው። የእጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ከቆምኩበት ጥግ ወደፊት ወጣሁ።

«የእኛ አይደለም» አልኩ። «የእትዬ ዘይነባ ነው። ሶፋውም የእሷ ነው። ብርጭቆውም፣ ዳንቴሉም። ትናንት ነው ያመጣነው።» ከዚያ ጨመርኩበት። «ይኼ አላዞኔያ ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ለእኔ የታወቀኝ ቁመቴ ነው። የረዘምኩ መሰለኝ፤ ከሽማግሎቹ በላይ፣ ከቡፌውም በላይ። ደስ አለኝ፣ መደበቅ አያስፈልግም፣ በጣም ደስ አለኝ።

«ልጅ ናት» አለ አባቴ። ሁለት ቃሉ አለቀ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። «እንግዲህ» አለ ባለ ከዘራው፣ «እኛም ተመካክረን እንመለሳለን።» የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ ወጡ። እንመካከርበት፣ ቀን እንስጣችሁ የሚለው የሴት ወገን ነው፤ የሴት ወገን ኩራቱ እሱ ነው። ተገልብጦ ሲነገር ስድብ መሆኑን እኔ አላወቅኩም፣ እናቴ ግን አውቃለች። ሰናይት ከመጋረጃው ጀርባ አልወጣችም።

ዱላ ጠብቄ ነበር። እናቴ አልመታችኝም፤ ዳንቴሎቹን አንድ በአንድ አጥፋ ደረደረች። ቡፌው በመጣበት ጭቃ ተመለሰ። እትዬ ዘይነባ ሥዕሏን እያየች «የእኔ ጥፋት ነው፣ መጋረጃ ነገር ባለብሰው ምን ነበር!» እያለች አለቀሰች። እኔን ሁሉም አለፈኝ። ሰናይት በአንድ አልጋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ መተኛት ጀመረች፤ ብርድ ልብሱን ግን እንደ ድሮው ወደ እኔ ትገፋልኛለች፣ ያ ደግሞ ከጀርባዋ የባሰ ነበር።

በማግስቱ ወደ ጋሽ መኮንን ስሄድ ምርቃት ጠብቄ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ካዕባውንም፣ ሽማግሎቹንም፣ ቃሉን እንዴት በትክክል እንደጠራሁትም ጭምር። እሳቸው ደብተሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ሰሙኝ።

«ስትናገሪ ምን ተሰማሽ?»

«ደስ አለኝ።»

«የእናትሽን ፊት አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። ሽማግሎቹን ነበር የማየው።

«ከኋላ አካባቢ ግለጪ» አሉኝ። «‹ሁፐሬፋኒያ› የሚል አለ። አንብቢ።»

አገኘሁት። «ሁፐሬፋኒያ። ራስን ከሌሎች በላይ አድርጎ ማየት። አላዞን ትዕቢቱ አፉ ላይ ነው፣ ሰው ይሰማዋል፣ ይስቅበታል። የዚህኛው ልቡ ውስጥ ስለሆነ ባለቤቱም አይሰማው።»

«እንግዲህ አንድ ቃል ይዘሽ ሰፈሩን ሁሉ ስትለኪ ከረምሽ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ ግማሹን ነግሬሽ ግማሹን ተውኩት።» ደብተሩን ከእጄ ወሰዱ። «እኔስ ምን የምባል ይመስልሻል? ሰዉ ጋሽ መኮንን ግሪክ ያውቃል ይላል። የማውቀው እዚህ ደብተር ላይ ያለውን ነው፣ ሦስት መቶ ቃል አይሞላም። አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ አልችልም። ሲያወሩልኝ ዝም አልኩ፣ ዝም ስል ሃያ ዓመት አለፈ። ይሄንንስ ሄደሽ ትናገሪያለሽ?»

«አልናገርም» አልኩ።

«ለምን?»

«ያሳፍርዎታላ።»

«እናትሽንስ?» አሉኝ። ያን ቀን ሌላ አላነበብኩም። መንገድ ላይ አላለቀስኩም፣ ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም። ሽማግሌ የለም። ኤፍሬም ስልክ ይደውላል፣ ሰናይት ታነሳለች፣ «እሺ… እሺ… እናትህ እንዳሉ» ብላ ትዘጋለች። ቦኖ ውሃው ላይ ተራ ስንጠብቅ ሴቶቹ ያወራሉ። የእናትየዋ ጉራ ልጅቷን ቆሞ ቀር አደረጋት፤ ሰው እንዴት በሰው ቡፌ ልጁን ይድራል፤ ድህነት አያሳፍር፣ ምን አስዋሻት። እናቴ ጀሪካኗን ሞልታ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ «ደህና ዋሉ» ብላ ትሄዳለች። ሰናይት ከኋላዋ ቆማ ሁሉን ትሰማ ነበር፤ አንድ ቀን ከንፈሯን ነክሳ ሲደማ አየሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሰናይት «ልበሺ» አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለእኔ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ጥግ ተቀመጥን። ግማሽ መንገድ ስንደርስ መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«ቡፌ አለን ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዞሬ አየኋት።

«የኤፍሬም እናት ቤታችሁ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። ሶፋም ቡፌም አለን አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ የቤታቸው ወለል ሴራሚክ ነበር፣ እግሬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፣ አልኩ። ከዚያ ለእማዬ ነገርኳት። አለቀስኩ። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ብለሻል? ካልሽማ ይኖረናል› አለች። ሌላ ምንም አላለችኝም።»

እናቴ ለራሷ አንድም ነገር አለኝ አላለችም ነበር። የልጇን ገመና ልትሸፍን በጭቃ ቡፌ አሸከመች፣ ሦስት ሽማግሌ ፊት ዋሸች፣ ቦኖ ላይ ተሰደበች፣ እኔ ስገልጣት ደግሞ «እህትሽ ናት» አላለችኝም። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ነፃ ትወጣ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ቀን ስሟን ከታክሲ ረዳቱና ከፀጉር ሠሪዋ ተርታ ይዤው ነበር።

ኮንዶሚኒየሙ አዲስ ስለነበር ደረጃው ላይ ገና ሲሚንቶ ይሸታል። አራተኛ ፎቅ ወጣን። የኤፍሬም እናት ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ቀጭን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠሩ ሴት። ኤፍሬም ሥራ ሄዷል። «ግቡ» አሉ፣ ሰናይት አልገባችም። በሩ ላይ ቆማ ተናገረች።

«እሜቴ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እናቴ የእኔን ቃል ልታድን ነው ያደረገችው። እኔን አይፈልጉኝ ይሆናል፣ እሱ የእርስዎ መብት ነው። እሷን ግን ጉረኛ እንዳይሏት። ቤታችን ሁለት በርጩማና አንድ አልጋ ነው ያለው፣ አንድ ደግሞ መጋረጃ።»

ወይዘሮ አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናትሽ መምጣትሽን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ሽማግሎቹ እኔን ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ቤተሰቡ ሐሰተኛ ነው፣ ይቅርብሽ አሉኝ።» ነጠላቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። «ጫማዬን ላድርግ። ቤታችሁን አሳዩኝ።»

«ዛሬ?» አለች ሰናይት፣ ደንግጣ። «ቤቱ እኮ…»

«እንደዚያ ሆኖ ነው የምፈልገው።»

በታክሲው ውስጥ መሃላቸው ተቀምጬ እናቴ ቤት እንዳትኖር ጸለይኩ፤ ካለችም ቢያንስ ቀሚስ ቀይራ እንድትቆይ።

ግቢ ስንገባ እናቴ ሳፋ ላይ አጎንብሳ ልብስ ታጥባለች። አረፋው እስከ ክርኗ ደርሷል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ቀሚሷ ጎኑ ላይ የተተረተረው ነው። ቀና ስትል መጀመሪያ ወይዘሮ አስካለን አየች። ከዚያ የተጣመመውን በራችንን፣ ከዚያ ሰናይትን። ሰናይትን ስታይ ሁሉም የገባት መሰለኝ፤ ፊቷ አንዴ ተጨማደደና ተመለሰ።

«ይግቡ» አለች።

ወይዘሮ አስካለ ገቡ። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አላዩም፣ ያን አስታውሳለሁ። እናቴ በርጩማ ልታቀርብ ስትል እጃቸውን አነሱ።

«የመጣሁበትን ሳልናገር አልቀመጥም» አሉ። «የሴት ሽማግሌ ወግ አይደለም፣ አውቃለሁ። የላክኋቸው ወንዶች ሊናገሩ የመጡትን ሳይናገሩ ተመለሱ፣ ያሰደቡዎትም እነሱ ናቸው፣ ስለነሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ ብዬ መጥቻለሁ።»

መጋረጃው ጀርባ አባቴ ሳል አለ። ሰናይት መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ «እሺ በይ» እያልኩ በልቤ እጮኻለሁ፤ እሺ በይ፣ አሁኑኑ፣ ሐሳባቸው ሳይለወጥ።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሻሿን ወደ ፊት መለሰች፣ ቀና ብላ ቆመች። አረፋ አገጯ ላይ ቀርቷል፣ እሱን አላወቀችም።

«መምጣትዎ ደስ ብሎናል» አለች። «የአንድ ቀን ነገር አይደለምና እንመካከርበታለን። በሁለት ሳምንት ይመለሱ።»

ወይዘሮ አስካለ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሺ» አሉ፣ «እመለሳለሁ።»